የማይተኩስ ጠመንጃ ለምን ይወደዳል?

እንግሊዝ አገር አንድ ሰው የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ሊ ኤንፊልድ ጠመንጃ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሻዩን ቢጠጣ ፖሊስ በር አያንኳኳበትም። ጠመንጃው የእውነት ጠመንጃ ነው። የሆነ ወታደር አንግቶት ዘምቷል። አሁን ግን አይተኩስም። በሕግ በተጻፈ መመሪያ፣ ሆን ተብሎ፣ እንዳይተኩስ ተደርጓል። ቦምብ ማምከን እንደምንለው ይኼም የመከነ ጠመንጃ ነው።

በነፃ የሚገኝም አይደለም። ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ፓውንድ ያወጣበታል። ብርቅ የሆነ መትረየስ ከሆነ ዋጋው ሺዎች ይገባል። ለማይሠራ ነገር! አገር ቤት ያለ ሰው ይኼን ሲሰማ "ምን ሊያደርግለት?" ማለቱ አይቀርም። እኛ ጋ ጠመንጃ ወይ ይተኩሳል፣ ወይ ለቀጥቃጭ የሚሰጥ ብረት ነው።

ነገሩ ግን እኛንም ይመለከታል። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በአሜሪካ የአሮጌ ጦር መሣሪያ ገበያ ላይ በብዛት ከቀረቡት ዕቃዎች መካከል ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ ጠመንጃዎች አሉበት። የተማረኩ፣ የተገዙ፣ በእርዳታ የመጡ። ስለዚህ የፈረንጅ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ "ዓ.ም." ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብረቱ እንዴት ይመክናል?

አንድ ጠመንጃ ሠሪ ወርክሾፕ ውስጥ ጠመንጃው ተፈታቶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል እንበል። መጀመሪያ የሚነካው ቱቦው ነው። ጥይት የሚቀመጥበት ቦታ ላይ በጎን ይበሳና ጠንካራ የብረት ካስማ ይሰካበታል። ከዚያ በብየዳ ይታሰራል። ከዚህ በኋላ ጥይት ላስገባ ቢሉ አይገባም። ከሥር በኩል ደግሞ ቱቦው በርዝመቱ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን እንጨቱ ስለሚሸፍነው ከውጭ ላያስታውቅ ይችላል።

ቀጥሎ መዝጊያው ይመጣል። እጀታውን ይዘው ወደፊት ሲገፉት ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው ብረት ማለት ነው። ፊቱ በሰያፍ ይሞረዳል። መቺው መርፌ ይወጣል ወይም ያጥራል፣ የሚወጣበት ቀዳዳም ይደፈናል። ድሮ ሥራው እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ስለዚህ ጠመንጃው ባይተኩስም መዝጊያው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ቃታው ሲሳብ "ቀጭ" ይላል። ዛሬ ያለው የአውሮፓ መመሪያ ግን አያቆምም። መዝጊያው ዳግም እንዳይከፈት ይበየዳል። ቃታው ንቅንቅ አይልም። ካዝናውም ከቦታው አይወጣም። ውጤቱ የጠመንጃ ሐውልት ነው ቢባል ያስኬዳል።

ከዚያ ፍተሻ አለ። እንግሊዝ ውስጥ ይኼን ሥራ የሚሠሩት ሁለት የቆዩ የጠመንጃ መፈተሻ ቤቶች ናቸው። የለንደኑ መነሻው በ1637 የተሰጠ የንጉሥ ቻርተር ነው። የበርሚንግሃሙ በ1813 ተቋቋመ። ለዘመናት ሥራቸው አዲስ የተሠራ ጠመንጃ ሲተኮስ ተኳሹ ፊት ላይ እንደማይፈነዳ ማረጋገጥ ነበር። አሁን ያም ሥራ ሳይቀር፣ ሌላው ጠመንጃ ጨርሶ መተኮስ እንደማይችል ያረጋግጣሉ። ካለፈ ማኅተም ይመታበታል፣ ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል።

ወረቀቱን ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። ጠመንጃው እንዲያው ዝጎና ተጣብቆ አልተኩስ ቢል በሕግ ፊት መከነ አይባልም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጓዳ ውስጥ የተገኘ፣ መርፌው የተሰበረ የአያት ጠመንጃ ያው ጠመንጃ ነው።

ከሃንገርፎርድ እስከ ፓሪስ

ሕጉ እንዲህ የጠበቀው በአንድ ቀን አይደለም። በየጊዜው አንድ መዓት ይወርዳል፣ ሕጉም ከኋላው ይከተላል።

ነሐሴ 1987 ሃንገርፎርድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ አንድ ሰው 16 ሰው ገደለ። ከያዛቸው መሣሪያዎች መካከል ምላጩ በተሳበ ቁጥር ራሱ እያጎረሰ የሚተኩስ ጠመንጃ ነበረበት። በ1988 ፓርላማው እንዲህ ዓይነቱን ጠመንጃ ከግለሰብ እጅ የሚያወጣ ሕግ አጸደቀ። የመከነ ጠመንጃ በእንግሊዝ ሕግ ውስጥ በግልጽ የገባውም በዚሁ ሕግ ነው። መፈተሻ ቤት ማኅተም ከመታበትና ወረቀት ካለው እንደ ጠመንጃ አይቆጠርም ተባለ። ሰብሳቢው ዓለም ከዚህ በኋላ ተስፋፋ። መትረየስ እንኳ ቢሆን መክኖ ያለ ፈቃድ ቤት ይገባ ጀመር።

በ1995 መመሪያው ጠበቅ አለ። የዚያን ጊዜ ሰብሳቢዎች ከ1995 በፊት የመከኑትን "የድሮው" እያሉ ይለዩ ጀመር። "ቀጭ" የሚሉት እነሱ ናቸው። ዋጋቸውም ከአዲሶቹ በላይ ሆነ።

ከዚያ ጥር 2015 ፓሪስ ደረሰ። ከጥቃት አድራሾቹ አንዱ፣ የአይሁድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሰዎችን ያገተውና የገደለው፣ ይዟቸው የነበሩት ጠመንጃዎች ከስሎቫኪያ የተገዙ ነበሩ። ሲሸጡ ለፊልምና ለትርዒት ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ ተብለው የተለወጡ ነበሩ። ለውጡ ግን የይስሙላ ነበር። እጁ የሠለጠነ ሰው ሊመልሳቸው ቻለ። በሐምሌ 2016 ደግሞ ሙኒክ ውስጥ 9 ሰው የገደለው ወጣት የተጠቀመው ሽጉጥ እንዲሁ ስሎቫኪያ ውስጥ ለቲያትር ተብሎ ከተለወጠ በኋላ ዳግም ነፍስ የተዘራበት ነበር።

የአውሮፓ ኅብረት ከፓሪሱ ጥቃት በኋላ በ2015 መጨረሻ ለሁሉም አባል አገር አንድ ዓይነት የማምከኛ መመሪያ አወጣ። ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በ2018 ተሻሻለ። በ2017 የወጣው መመሪያ ደግሞ የመከኑትን ጠመንጃዎች ለመንግሥት መታወቅ ካለባቸው መሣሪያዎች ተርታ አስገባቸው። እንግሊዝም ከኅብረቱ ከመውጣቷ በፊት ይኼንኑ ተቀበለች፣ ከወጣችም በኋላ አልጣለችውም። በአዲሱ መመሪያ ያልመከነ አሮጌ ዕቃ ያለው ሰው ቤቱ ማስቀመጥ ይችላል። መሸጥ ከፈለገ ግን እንደገና ማምከን አለበት። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲዛወር ለአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ ግድ ሆነ።

ሰብሳቢዎቹ ተቆጡ። እኔ ሁለቱንም ወገን እረዳለሁ፣ ግን እኩል አይደለም። ፖሊስ ትክክል የነበረው አንድ ነገር ላይ ነው። በየአገሩ የተለያየ መመሪያ ካለ ወንጀለኛው በጣም ወደላላው አገር ይሄዳል። ስሎቫኪያ የሆነውም ይኸው ነው። ችግሩ ግን ፓሪስና ሙኒክ ላይ የታዩት መሣሪያዎች ከዘመናዊዎቹ ወገን ናቸው። ሒሳቡን የከፈለው ደግሞ መዝጊያው በእጅ የሚሳበው የ1916 ጠመንጃ ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን ለሕግ አርቃቂው ይቀልለዋል እንጂ ለደኅንነት ብዙ የሚጨምረው የለም።

የሰብሳቢው ቅሬታ "መጫወቻዬን ወሰዱብኝ" ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም አልጽፍበትም ነበር። ግን መዝጊያው የተበየደ ጠመንጃ ውስጡ አይታይም። ውስጡ ደግሞ ብዙ ነገር ተጽፎበታል። የፋብሪካ ማኅተም፣ የዓመት ቁጥር፣ የጠጋኙ ምልክት። ኋላ ላይ ወደ አድዋ ስንመጣ ይኼ ነገር ለምን እንደሚያሳስብ ይታያል።

ግራ የሚያጋባው "አንቲክ"

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው የሚያስገርም ነገር አለ። እንግሊዝ ውስጥ አንዳንድ በጣም አሮጌ ጠመንጃ "አንቲክ"፣ ማለትም ጥንታዊ ተብሎ፣ ጨርሶ ሳይመክን፣ እንዳለ፣ ያለ ፈቃድ ይያዛል። የ19ኛው ክፍለ ዘመኑን የእንግሊዝ ጠመንጃ ሰናድርን እንበል። ወይም ማርቲኒ ሄንሪ። ጥይታቸው በቀላሉ ገበያ ላይ አይገኝም፣ ዘመናቸው አልፏል፤ ስለዚህ ለጌጥና ለማስታወሻ እስከተያዙ ድረስ ሕጉ አይነካቸውም። ሰውየው ጥይት ሠርቶ ልተኩስ ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ከዚህ የሚከተለውን አስቡት። የ1870ዎቹ ማርቲኒ ሄንሪ ግድግዳ ላይ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ይሰቀላል። ከጎኑ ያለው የ1917 ሊ ኤንፊልድ ግን ጥይቱ እስካሁን ስለሚመረት ካስማ ተሰክቶበት፣ ተበይዶ ነው የሚሰቀለው። አንዳንዱ ሳያውቅ አንቲኩንም ያስመክነዋል። ዋጋውን በገዛ እጁ ቆረጠ ማለት ነው፣ የማይመለስ ሥራ ነውና።

ሕጉ ክፍተት እንደነበረው ወንጀለኞችም ደርሰውበታል። በ2017 አንድ እንግሊዛዊ የጠመንጃ ነጋዴ ለአሮጌ ሽጉጦች ጥይት በእጁ እየሠራ ለወንበዴ ቡድኖች በማቅረቡ 30 ዓመት ተፈረደበት። በ2021 የወጣው ደንብ ከዚህ ዓይነቱ ልምድ በመነሳት ሰባት የድሮ የሽጉጥ ጥይት ዓይነቶችን "ጊዜ ያለፈባቸው" ከሚባሉት ዝርዝር አወጣ። አንቲክ ለመባልም ከመስከረም 1 ቀን 1939 በፊት የተሠራ መሆን አለበት አለ። ትናንት አንቲክ የነበረ ሽጉጥ ዛሬ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሆኖ አደረ።

አሜሪካ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ መስመሩ የተሰመረው በ1898 ነው። እስከዚያ ዓመት መጨረሻ የተሠራ ጠመንጃ በፌደራል ሕግ ፊት ጥንታዊ ነው፣ ሻጩም ገዢውም እንደ ዘመናዊ መሣሪያ አይጠየቁም። ክልሎች የራሳቸው ሕግ ሊኖራቸው ይችላል። ከዚያ ወዲህ ሆኖ 50 ዓመት የሞላው ደግሞ ለሰብሳቢዎች በሚሰጥ ልዩ ፈቃድ ይገዛል። ማምከን አሜሪካ ውስጥ በይበልጥ የተያያዘው ከመትረየስ ጋር ነው። ከሁለተኛው ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ያመጧቸው የምርኮ መትረየሶች መክነው እንዲቀመጡ ይፈቀድ ነበር። በ1968 ሕጉ ሲለወጥ የአንድ ወር የምዝገባ ምሕረት ተሰጠ፤ ያኔ ያላስመዘገበ ከዚያ ወዲያ አልቻለም።

የኢትዮጵያ ጠመንጃዎች ወደ እንግሊዝ ሳይሆን በብዛት ወደ አሜሪካ የሄዱት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። ሳይበየድ መሸጥ ይቻላል። ገዢው ብዙ ነው።

እኛ ጋ የተከማቸው ክምር

አንድ የጦር መሣሪያ ታሪክ የሚወድ ሰው ከዓለም አንድ መጋዘን ምረጥ ቢባል ኢትዮጵያን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ምክንያቱም እዚህ አገር ጠመንጃ የማይመጣበት አቅጣጫ አልነበረም።

የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር በ1868 መቅደላ ሲመጣ ይዞት የመጣው ሰናድር ያን ጊዜ ለእንግሊዝ ጦር አዲስ ነበር። ሲመለስ መንገድ ለከፈተለት ለደጃዝማች ካሣ፣ ለኋላው አፄ ዮሐንስ፣ መድፍና ወደ 850 የሚጠጋ ጠመንጃ ትቶለት ሄደ። በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ የግብፅ ጦር ሲደመሰስ አሜሪካ ሠራሹ ሬሚንግተን በሺዎች እየተማረከ ገባ። በ1887 ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ሆኖ፣ ከታጁራ እስከ ሸዋ ድረስ ወደ 2,000 የሚሆን አሮጌ ጠመንጃ ጭኖ ለምኒልክ አመጣ። የጠበቀውን ትርፍ አላገኘም ይባላል። ምኒልክ ደግሞ ዋጋ ሲከራከሩ ማንም አይችላቸውም።

ከፈረንሳይ ውጅግራና ለበን መጣ፣ ከኦስትሪያ ምንሽር መጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ደግሞ አድዋ ላይ ወደ 11,000 ጠመንጃና 56 መድፍ ተማረከ። በ1930ዎቹ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤልጅግ ፋብሪካ ያስመጡት አጭር ማውዘር የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾበታል። ዛሬ ሰብሳቢዎች ያን አንበሳ ሲያዩ ልባቸው ይዘላል። ከዚያ የጣሊያን ወረራ ከነጠመንጃው፣ ከዚያ በ1941 የእንግሊዝ ጦር ከነኤንፊልዱ፣ ከዚያ ከ1953ቱ ስምምነት በኋላ የአሜሪካ እርዳታ።

ሁሉም ተከማቸ። አሮጌው ሲተካ አልተጣለም። ወደ ግምጃ ቤት ገባ። እስከ 2010ዎቹ መጨረሻ ድረስ እዚያው ቆየ። ከዚያ ሮያል ታይገር ኢምፖርትስ የሚባል የአሜሪካ አስመጪ ከኢትዮጵያ ያስገባቸውን ጠመንጃዎች ለሰብሳቢዎች መሸጥ ጀመረ። ቬተርሊ፣ ካርካኖ፣ ማውዘር፣ በኋላም የአሜሪካ ኤም 1 ካርባይን። ዋጋቸው ለአሜሪካ ገበያ ርካሽ ነበርና በፍጥነት ተሸጡ።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። መሸጡ በራሱ ወንጀል ነው እያልኩ አይደለም። መንግሥት አንድ ዓይነት ቬተርሊ በሺዎች ደርድሮ የማስቀመጥ ግዴታ የለበትም። ምስጥ ሲበላው ከማየት፣ ወይም ቀልጦ የቤት ብረት ከሚሆን፣ የሚንከባከበው ሰው እጅ ቢገባ ይሻላል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሲወጣ ማን መዘገበው?

ሁለት ክብ

ለምን መዝገብ መዝገብ እንደምል በአንድ ጠመንጃ ላሳያችሁ።

ቬተርሊ በጣሊያን ጦር እጅ የነበረ ጠመንጃ ነው። አድዋ ላይ አብዛኛው የጣሊያን እግረኛ የያዘው እሱን ነው። አዲሱ ካርካኖ በ1891 የወጣ ቢሆንም ለዚያ ዘመቻ የተሰጠው የድሮው ቬተርሊ ነበር። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የወጣ ቬተርሊ ሲያይ "የአድዋ ምርኮ ነው!" የማይል የለም። ዋጋ የሚያስጨምርም ወሬ ነው።

አሁን ጠመንጃውን አንስተን አፈሙዙን ወደ ብርሃን እናዙረው። ዋናው ቬተርሊ ጥይቱ 10 ሚሊሜትር የሚዘል ስፋት አለው፣ ስለዚህ አፉ ሰፊ ነው። ጣሊያን ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መሣሪያ ሲያጥራት እነዚህን አሮጌዎች ለካርካኖው 6.5 ሚሊሜትር ጥይት ለወጠቻቸው። እንዴት? ሰፊው ቱቦ ውስጥ ሌላ ጠባብ ቱቦ አስገብታ። እንደዚያ የተለወጠው ላይ አፈሙዙ ጫፍ ሁለት ክብ ይታያል፣ አንዱ ባንዱ ውስጥ። የካዝናው ቅርፅም ይለያል። ይኼ ለውጥ የተጀመረው በ1915 አካባቢ ነው። አድዋ የሆነው በ1896። እንግዲህ ሁለት ክብ ያለው ቬተርሊ የአድዋ ምርኮ ሊሆን አይችልም። አድዋ ላይ ተማርኮ ቢሆን ኖሮ ጣሊያን ሄዶ ማን ይለውጠው ነበር? የመጣው ኋላ፣ ከ1930ዎቹ ወረራ ጋር ነው ብሎ መገመት ነው የሚያስኬደው።

ይኼ የአርበኞች ጠመንጃ ሊሆን ይችላል። ከወራሪው እጅ በሽምቅ የተነጠቀ። ከአድዋው በምን ያንሳል? ግን ሌላ ታሪክ ነው። በስሙ መጠራት አለበት።

አስቂኙ ነገር፣ የአሜሪካ ሕግ የሚያየው የጠመንጃውን ዋና አካል የተሠራበትን ዓመት ስለሆነ ይኸው በ1915 የተለወጠ ጠመንጃ አካሉ ከ1899 በፊት ከተሠራ እዚያ ጥንታዊ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ግን የሚጎርሰው ጥይት ዛሬም የሚመረት ስለሆነ መምከን አለበት። ቱቦው ሲደፈንና ሲበየድ ደግሞ ሁለቱ ክቦች ሊጠፉ ይችላሉ። ከማምከኑ በፊት ፎቶ ያላነሳ ሰው ማስረጃውን አብሮ በየደው።

ከብረቱ ይልቅ ደግሞ እንጨቱ ይናገራል። ከኢትዮጵያ የወጡትን ጠመንጃዎች ሰደፍ ስታዩ አንገቱ ላይ፣ የተሰነጠቀበት ቦታ፣ ጥሬ ቆዳ ተጠፍሮበት ታገኛላችሁ። ቆዳው እርጥብ ሆኖ ተጠምጥሞ ሲደርቅ እንጨቱን እንደ ብረት ያጠብቀዋል። ያን የሠራው የመንግሥት መሐንዲስ አይደለም። የሰፈር ሰው ነው። አንዳንዱ ላይ ሽቦ ተጠምጥሟል። አንዳንዱ ላይ በሚስማር ወይም በጩቤ ምልክት ተቀርጿል። ይኼ ሁሉ ጣሊያን ፋብሪካ ውስጥ አልነበረም። ጠመንጃውን የኢትዮጵያ ያደረገው እሱ ነው።

ሚዙሪ ወይም ቴክሳስ ያለው ገዢ ጠመንጃው ሲደርሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ያጥበዋል። ቆዳውን ቆርጦ ይጥላል። እንጨቱን በሸካራ ወረቀት ልጦ ዘይት ይቀባዋል። "አዲስ አስመሰልኩት" ብሎ ይደሰታል። በክፋት አይደለም፣ ያየው ቆሻሻ ስለመሰለው ነው። ነገሩ የገባቸው ሰብሳቢዎች ደግሞ አሉ፣ "አትንኩት" እያሉ የሚለምኑ። ከእኛ ወገን ግን "ያ ቆዳ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?" ብሎ የሚያስረዳ ብዙም አልሰማሁም።

ጋሻው ቅርስ፣ ጠመንጃውስ?

በ2021 እንግሊዝ ውስጥ ዶርሴት በሚገኝ የጨረታ ቤት ሊሸጡ የነበሩ የመቅደላ ዕቃዎች ጨረታው እንዲቆም ተደርጎ፣ ሼሄራዛድ የተባለ ፋውንዴሽን ገዝቷቸው ለኢትዮጵያ ተመለሱ። ፋውንዴሽኑ በዚያው ዓመት ካስመለሳቸው ዕቃዎች መካከል ጋሻ ነበረበት። ደስ ብሎናል፣ ይገባልም። በ2019 የአፄ ቴዎድሮስ ቁንዳላ ሲመለስም እንዲሁ።

ጋሻ ሲሆን ቅርስ ነው እንላለን። ጠመንጃ ሲሆን ግን ብረት ነው። ለምን? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ጋሻ ሰው አይገድልም። ጠመንጃ የፀጥታ ጉዳይ ነው፣ ሚኒስቴሩም ሌላ ነው። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም.፣ ቅርስን ሲተረጉም ሰፋ አድርጎ ነው፣ ታሪካዊ ዋጋ ያለውን የሰው የእጅ ሥራ ሁሉ የሚያካትት። የአንበሳ ማኅተም ያለበት ማውዘር ከዚያ ትርጉም የሚወጣበት ምክንያት አይታየኝም። ግምጃ ቤቱ የሚከፈተው ግን በወታደር ቁልፍ ነው። የሙዚየም ባለሙያ አብሮ ካልገባ ብርቁ አንዱ በተራው ሺሕ ውስጥ ይጠፋል።

በ2024 መጀመሪያ አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ የአድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ትልቅ ሥራ ነው። ግን አንድ ተማሪ እዚያ ሄዶ "ይኼ ጠመንጃ ከማን ተማረከ፣ በማን እጅ ቆየ?" ብሎ ቢጠይቅ መልሱ የሚመጣው ከሐውልት አይደለም። ከመዝገብ ነው። የተሸጠው ተሸጧል። የቀረው ግን አለ። ለእያንዳንዱ ቁጥሩን፣ ዓመቱን፣ አፈሙዙንና ሰደፉን የሚያሳዩ ጥቂት ፎቶዎች ማስቀመጥ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍል የአንድ ዓመት ክረምት ሥራ ነው። ከዚያ ጥቂቱ ይመረጥና ይቀራል፣ የተረፈው ይሸጥ።

ማምከን ለእኛ የሚጠቅመንም እዚህ ላይ ይመስለኛል። አገር ቤት ብዙ ቤተሰብ ውስጥ የአያት ጠመንጃ አለ። በሚያዝያ 27 የድል በዓል አርበኞች ወይም ልጆቻቸው ይዘውት ሲወጡ አይተናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ፣ ቁጥር 1177፣ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፣ ይኼም ተገቢ ነው። ግን ቤተሰቡ ያለው ምርጫ መደበቅ ወይም ማስረከብ ብቻ ሲመስለው ይደብቃል። ሦስተኛ በር በደንብ ተከፍቶ ቢታይ፣ ማለትም "አምጣው፣ እናምክነው፣ ወረቀት ሰጥተን እንመልስልህ" የሚል አሠራር ቢኖር፣ ከጣራ ሥር የሚወጣው ጠመንጃ ብዙ ነው ብዬ አምናለሁ። መቺው መርፌ ወጥቶ፣ ቱቦው ውስጥ ካስማ ገብቶ። እንደ አውሮፓው ሁሉንም በብየዳ መድፈን አያስፈልግም። የአያት ጠመንጃ መዝጊያው ቢከፈት ማንንም አይጎዳም፣ ልጅ ልጁም "ቀጭ" ሲል ይሰማዋል።

ውጭ ላላችሁ ደግሞ ሁለት ነገር። አውሮፓ ውስጥ የመከነ ጠመንጃ ስትገዙ ጠመንጃውን ሳይሆን ወረቀቱን ቀድማችሁ ተመልከቱ፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙንም። ወደ አገር ቤት ላስገባው የሚል ካለ ደግሞ ቲኬት ሳይቆርጥ ፈቃድ ይጠይቅ። የኤርፖርቱ ማሽን የሚያየው የጠመንጃ ቅርፅ ነው፣ ብየዳውን አያይም፤ ትራንዚት የምታደርጉበት አገር ደግሞ የራሱ ሕግ አለው።

አሜሪካ ውስጥ "ከኢትዮጵያ የመጣ" ተብሎ የተሸጠ ጠመንጃ ያላችሁ ካላችሁ፣ ወይም ያለው ጎረቤት ካላችሁ፣ ከመታጠቡ በፊት ፎቶ አንሱት። ቆዳው የተጠፈረበትን፣ የተቀረጸውን፣ አፈሙዙን ፊት ለፊት። ፊደል ካለበት አንብቡት። አማርኛ ማንበብ የሚችለው እናንተ ናችሁ፣ ባለቤቱ አይችልም።